ድሪምዊቨር ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድ እምቢ ሲል፦ ከየት ጀምሮ መፈተሽ እንዳለባችሁ

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው ፕሮግራም በድሪምዊቨር፣ በአሮጌዎቹ ስሪቶች በ8 ወይም በሲኤስ 3፣ አሁንም ድረ ገጽ የሚያድስ ሰው አለ። የትምህርት ቤት አይሲቲ መምህር፣ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ከፍቶ ጎን ለጎን ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት፣ የመንዝን በርኖስ ወይም የጓሳን ጉብኝት የሚያስተዋውቅ ማኅበር። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ፕሮግራሙ ግን በእሱ ላይ ቀለል ብሎ ይሠራል፣ ስለዚህ "አዲስ ግዙ" ብሎ መምከር መልስ አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው አንድ ቀን፣ ድረ ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጋር የሚያገናኘውን ኮኔክት የሚለውን ስትጫኑ ነው። ትናንት የገባው ዛሬ አይገባም። ወይ ፓስወርድ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ወይ ስማችሁ ወይም ፓስወርዳችሁ ትክክል አይደለም ይላል፣ ወይ ዝም ብሎ ቆይቶ ይቋረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያንኑ ፓስወርድ እየደጋገመ መጻፍ ነው። እባካችሁ ተዉት። ብዙ የሆስቲንግ (ድረ ገጽ አስቀማጭ ድርጅት) ሰርቨሮች በተከታታይ የተሳሳተ ሙከራ ሲያዩ የመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ይዘጉታል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ብትጽፉም አያስገባችሁም፣ እናንተ ደግሞ ፓስወርዱ ነው የተበላሸው ብላችሁ ሌላ ሙከራ ትጨምራላችሁ። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ እጃችሁን ሰብስቡና ምርመራ ጀምሩ።

ምርመራው ሦስት ነገር መለየት ነው። ፓስወርዱ ራሱ ተሳስቷል? ፕሮግራሙ ያስቀመጠው መረጃ ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል? ወይስ ፓስወርዱም መረጃውም ደህና ሆነው መሃል ላይ ያለው መስመር ነው የተዘጋው? ለሦስቱ የሚደረገው የተለያየ ነው። ሳይለዩ መነካካት ደግሞ የሚሠራውንም ያበላሻል።

መጀመሪያ ሰርቨሩ ያለውን አንብቡ

ድሪምዊቨር የሚያወጣው ትንሽ የስሕተት ሳጥን ብዙ ነገር ይደብቃል። እውነተኛው ንግግር ያለው ኤፍቲፒ ሎግ ውስጥ ነው፤ ኤፍቲፒ ፋይል ወደ ሰርቨር የሚጫንበት ደንብ ነው፣ ሎጉ ደግሞ የንግግሩ መዝገብ። ከላይ ዊንዶው የሚለውን ሜኑ ክፈቱ፣ ሪዛልትስ የሚለውን ምረጡ፣ ከታች ከሚወጡት ክፍሎች ኤፍቲፒ ሎግ የሚለውን ንኩ። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ኮኔክት በሉና የሚወጡትን ቁጥሮች ተመልከቱ። የኤፍቲፒ ደንብ ዛሬ ባለበት መልኩ የተጻፈው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ የትም ሰርቨር ላይ ትርጉማቸው አንድ ነው።

220 ካያችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሳችኋል። መስመሩ ቢያንስ እስከ በሩ ድረስ ይሠራል። 331 ማለት ስሙን ተቀብያለሁ፣ ፓስወርድ ስጠኝ ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፣ 331 ስለወጣ ዩዘር ኔሙ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ሰርቨሩ የሌለ ስም ቢሰጠውም ፓስወርድ ይጠይቃል። 230 ካያችሁ ገብታችኋል፣ ፓስወርዱን አትንኩት፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። 530 ማለት አላስገባም ማለት ነው። 421 ብዙ ጊዜ የተከፈቱ ግንኙነቶች ሲበዙ ወይም ሰርቨሩ አገልግሎት ሲከለክል ይመጣል። 425 የፋይል ማስተላለፊያው መስመር አልከፈት ሲል ነው። 550 ደግሞ የጠየቃችሁት ፎልደር የለም ወይም አይፈቀድላችሁም ነው።

ከቁጥሩ ጎን ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። አንዳንዱ ሰርቨር 530 ብሎ ጎኑ ላይ ግንኙነቱ መመስጠር አለበት የሚል ይጨምራል። ይሄ ከፓስወርድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሎጉ ውስጥ አንድም ቁጥር ካልወጣ ሰርቨሩ ጋ ጭራሽ አልደረሳችሁም። ኢንተርኔቱን፣ የሰርቨሩን ስም አጻጻፍና የዊንዶውስ ፋየርዎልን ተመልከቱ፣ ወይም አድራሻችሁ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ከድሪምዊቨር ውጭ ሞክሩት

ይሄኛው እርምጃ ብዙ ድካም ይቀንሳል፣ ምንም ፕሮግራም ማውረድም አይጠይቅም። ስታርት ውስጥ ገብታችሁ ረን በሉ፣ በላቲን ፊደል ሲ፣ ኤም፣ ዲ ጻፉና ኢንተር። ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት ኤፍ፣ ቲ፣ ፒ ጽፋችሁ አንድ ክፍተት ተዉ፣ ከዚያ የሰርቨሩን ስም ጻፉ፣ ኢንተር። ዩዘር ኔም ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ፓስወርድ። ፓስወርዱን ስትጽፉ ምንም ነገር አይታይም፣ ኮከብም ነጥብም አይወጣም። ቆሟል ብላችሁ አትደናገጡ፣ ጽፋችሁ ጨርሱና ኢንተር ተጫኑ።

230 ካለ ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ጥፋቱ ድሪምዊቨር ያስቀመጠው መረጃ ላይ ነው። እዚህም 530 ካለና ጎኑ ላይ ስለ ምስጠራ ካልጻፈ ፓስወርዱ፣ ዩዘር ኔሙ ወይም ሰርቨሩ ላይ ያለው ሂሳብ ነው ችግሩ፣ ድሪምዊቨርን መነካካት አያስፈልጋችሁም። ለመውጣት ባይ ብላችሁ በላቲን መጻፍ ይበቃል።

ፓስወርዱ ሲሆን

በእኛ አገር መጀመሪያ መታየት ያለበት ኪቦርዱ ነው። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን በርቶ ከሆነ የፓስወርድ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የአማርኛ ፊደል ነው፣ እናንተ ግን የምታዩት ነጥብ ብቻ ስለሆነ አታውቁም። አማርኛ ጽሑፍ እያዘጋጁ ወዲያው ድረ ገጹ ላይ ለሚጭኑ ሰዎች ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ፓስወርዱን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ጻፉትና በዓይናችሁ እዩት፣ ከዚያ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት። ስትመርጡ ግን መጨረሻው ላይ ባዶ ክፍተት አብሮ እንዳይገባ፣ አንዲት ክፍተት ፓስወርዱን ሌላ ታደርገዋለች። ሲያልቅ ኖትፓዱን ሳታስቀምጡ ዝጉት።

ፓስወርዱ በወረቀት ወይም በስልክ የመጣላችሁ ከሆነ ዜሮንና ኦን፣ ትልቁን አይና ትንሹን ኤልን፣ አንድ ቁጥርንም ጨምራችሁ አጣሩ። ካፕስ ሎክም ይታይ። ከአሮጌዎቹ ስሪቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ልዩ ምልክት ያለበትን ፓስወርድ በትክክል አያስተላልፉም። ጥቁሩ መስኮት የተቀበለውን ፓስወርድ ድሪምዊቨር በአዲስ ተጽፎም እምቢ ካለ፣ ፓስወርዱን ፊደልና ቁጥር ብቻ ባለው ግን ረዘም ባለ ቀይሩት። አሥራ ስድስት ፊደል የሆነ ምልክት የሌለው ፓስወርድ፣ ምልክት ካለበት አጭር ፓስወርድ አይተናነስም።

ዩዘር ኔሙንም አትርሱ። ሲፓነል በሚባለው መቆጣጠሪያ ለብቻ የተከፈተ የኤፍቲፒ ሂሳብ ስሙ የሚጻፈው ሙሉውን ነው፣ ስም፣ የኢሜይል ምልክቷ አት፣ ከዚያ የድረ ገጹ ስም። ዋናው ሂሳብ ግን አጭሩ ስም ብቻ ነው። ሁለቱን ማቀላቀል 530 ያመጣል።

ሆስቲንግ ቀይራችሁ ከሆነም ነገሩ ሌላ ነው። የድረ ገጹ ስም ወደ አዲሱ ሰርቨር ሲዞር ድሪምዊቨር ውስጥ ያለው አድራሻም አብሮ ወደ አዲሱ ይሄዳል፣ እዚያ ደግሞ የድሮው ፓስወርድ የለም። ክፍያው ያለፈበት ሂሳብም ሲታገድ መግቢያው ይዘጋል፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት አከፋፈሉን የሚከታተለውን ሰው ጠይቁ። ማኅበራት ውስጥ ከፋዩና ሠሪው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የተቀመጠው መረጃ ሲሆን

ጥቁሩ መስኮት አስገብቷችሁ ድሪምዊቨር እምቢ ካለ ወደዚህ ኑ። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን መጠባበቂያ ያዙ። ሳይት የሚለውን ሜኑ፣ ከዚያ ማኔጅ ሳይትስን ክፈቱ፣ ሳይታችሁን ምረጡና ኤክስፖርት በሉ። ሴቲንጋችሁን ለራሳችሁ ባካፕ ልታደርጉ ነው ወይስ ለሌላ ሰው ልታካፍሉ ብሎ ይጠይቃችኋል። ባካፕ የሚለው ስምና ፓስወርድን ይጨምራል፣ ማካፈል የሚለው አይጨምርም። ለራሳችሁ ባካፕ የሚለውን ምረጡ። መጨረሻው ኤስ፣ ቲ፣ ኢ የሆነ ትንሽ ፋይል ይወጣል።

አሁን እዚያው ማኔጅ ሳይትስ ላይ ኤዲት ንኩ። ድሪምዊቨር 8 እና ሲኤስ 3 ላይ አድቫንስድ የሚለውን ክፍል፣ ከዚያ ሪሞት ኢንፎን ትመርጣላችሁ። ሲኤስ 5 ከሆነ ግን ሰርቨርስ የሚል ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ሰርቨሩን ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው። ኤፍቲፒ ሆስት የሚለው ቦታ ላይ የሰርቨሩ ስም ብቻ ይጻፍ። ከፊቱ ኤችቲቲፒ ወይም ኤፍቲፒ ከነሁለት ነጥቡና ከነሰረዞቹ ተጽፎ ከሆነ አጥፉት።

ቀጥሎ ሴቭ የምትለዋን ምልክት አንሱ፣ ፓስወርዱን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ኦኬ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ውጡ። ፕሮግራሙን ዝጉት። እንደገና ከፍታችሁ ወደዚያው ተመለሱ፣ ፓስወርዱን በአዲስ ጻፉ፣ ሴቭን ምልክት አድርጉ፣ ቴስት የሚለውን ንኩ። መዝጋቱን አትዝለሉት። በላዩ ላይ መጻፍ ብቻ አንዳንዴ የድሮውን መረጃ አይነቅለውም።

ፓስወርዱ ይቀበልና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የሚረሳ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከድሪምዊቨር ውጭ ነው። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ዲፕ ፍሪዝ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ሲነሡ ሁሉን ነገር ወደነበረበት ይመልሳሉ፣ ያስቀመጣችሁት ፓስወርድም አብሮ ይሄዳል። ላቦራቶሪውን የሚያስተዳድረው ሰው ዲፕ ፍሪዙን ለጊዜው አጥፍቶ ሳይቱን ካስገባችሁ በኋላ መልሶ እንዲያበራው ጠይቁት። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን የእኔ ምክር ጭራሽ አታስቀምጡ ነው፣ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ሌላው ምክንያት የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስም ነው። ድሪምዊቨር የሳይት መረጃ የሚያስቀምጠው ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ሴቲንግ በሚይዝበት መዝገብ፣ በሬጅስትሪ ውስጥ፣ በገባው ተጠቃሚ ስም ሥር ነው። አንዱ ባልደረባ በራሱ ስም ገብቶ ያስቀመጠው ሌላው በስሙ ሲገባ አይታየውም። ዊንዶውስ በአዲስ ሲጫንም ሁሉም ሳይት የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ፋይሎቻችሁን ዲ ድራይቭ ላይ ብታስቀምጡም የሳይቱ መረጃ ሲ ላይ ነበርና። ያቺ ኤስ ቲ ኢ ፋይል ካለቻችሁ ማኔጅ ሳይትስ ውስጥ ኢምፖርት ብሎ መመለስ ይቻላል። ሬጅስትሪ እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን የምትጠቀሙ ከሆነም እነሱን ጠርጥሩ።

ይሄ ሁሉ ካልሠራ የሳይት ካሹን፣ ማለት ፕሮግራሙ ስለ ሳይቱ የሚይዘውን ጊዜያዊ መረጃ፣ አጥፉ። ድሪምዊቨርን ዝጉ። ረን ላይ የፐርሰንት ምልክት፣ አፕዳታ፣ እንደገና የፐርሰንት ምልክት በላቲን ጻፉና ኢንተር በሉ። ለድሪምዊቨር 8 ማክሮሚዲያ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቡ፣ ለሲኤስ ስሪቶች አዶቢ ውስጥ፤ አዶቢ ማክሮሚዲያን የገዛው በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለሆነ ነው ፎልደሩ የሚለያየው። የድሪምዊቨሩን ፎልደር፣ ከዚያ ኮንፊገሬሽን የሚለውን ክፈቱ። በኋለኞቹ ስሪቶች መሃል ላይ የቋንቋ ስም ያለበት ፎልደር ሊኖር ይችላል። ስሙ ዊን ፋይል ካሽ ብሎ የሚጀምር ፋይል ታገኛላችሁ። እሱን ብቻ አጥፉ። ፕሮግራሙ ሲከፈት አዲስ ይሠራል።

ፓስወርዱ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ ሲቋረጥ

ሎጉ ላይ 230 አይታችሁ ግን ፋይሎቹ ካልወጡ ፓስወርዱን እርሱት። 550 ከተከተለ ሆስት ዳይሬክተሪ የሚለው ቦታ ተሳስቷል። ብዙ ሰርቨር ላይ ፐብሊክ፣ የታች ሰረዝ፣ ኤችቲኤምኤል ነው፣ ሌላው ጋ ኤችቲ ዶክስ ወይም ሦስት ደብልዩ። ካላወቃችሁ ባዶ ተዉትና ገብታችሁ በዓይናችሁ ፈልጉ።

425 ከሆነ ወይም ከ230 በኋላ ቆሞ ከቀረ ዩዝ ፓሲቭ ኤፍቲፒ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ያለ ፓሲቭ ሰርቨሩ ራሱ ወደ እናንተ ኮምፒውተር ተመልሶ ግንኙነት ለመክፈት ይሞክራል፣ ከራውተር ወይም ከሞባይል ኢንተርኔት ጀርባ ላለ ኮምፒውተር ደግሞ ያ አይሆንም። ቢሮ ውስጥ ባለ ገመድ ሲሠራ የነበረው በስልክ ሆትስፖት አልሠራ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዩዝ ፋየርዎል የሚለው ደግሞ በተለየ የፋየርዎል ሰርቨር በኩል ለሚወጡ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው፣ ካልሆናችሁ ምልክቱን አንሱ።

ኔትወርኩ ቀርፋፋ ሲሆን ኤዲት ውስጥ ፕሪፈረንስስን፣ ከዚያ ሳይትን ክፈቱና ኤፍቲፒ ታይም አውት የሚለውን ከ60 ሰከንድ ወደ 120 ከፍ አድርጉት። መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ወዲያው ስትመለሱ 421 ልታዩ ትችላላችሁ፣ የበፊቱ ግንኙነት ሰርቨሩ ላይ ገና አልተዘጋምና። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በዚያ ሰዓት ሲጫን የነበረውን ፋይል ግን እንደገና ጫኑት፣ ግማሹ ብቻ ሄዶ ገጹ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሰርቨሩ አሮጌውን ፕሮግራም ሲከለክል

ትናንት ሲሠራ የነበረ፣ ማንም ያልነካው ሳይት ድንገት እምቢ ሲል ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይሄንን ነው። ተራ ኤፍቲፒ ስማችሁንና ፓስወርዳችሁን ሳይመሰጥር በግልጽ ነው የሚልከው፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሆስቲንጎች ያልተመሰጠረ ግንኙነት መከልከል ጀምረዋል። ሎጉ ላይ ኤስኤስኤል፣ ቲኤልኤስ ወይም ኢንክሪፕሽን የሚል ቃል ካያችሁ ነገሩ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ኤፍቲፒኤስንና ኤስኤፍቲፒን አታምታቱ። የመጀመሪያው ያው ኤፍቲፒ ሆኖ በላዩ ምስጠራ የተጨመረበት ነው፣ ሁለተኛው ኤስኤስኤች በሚባለው የተመሰጠረ ግንኙነት በኩል በፖርት 22 የሚሄድ ሌላ አሠራር ነው። ድሪምዊቨር ኤፍቲፒኤስን የጨመረው በሲኤስ 5.5፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ያላቸው ዩዝ ሴኪዩር ኤፍቲፒ የሚለው ምልክት ኤስኤፍቲፒ ነው። እሱንም ሞክሩት፣ ግን ተስፋችሁን ብዙ አትጣሉበት፤ አሮጌው ፕሮግራም የሚጠቀምበትን የቁልፍ መለዋወጫ ዘዴ አዳዲሶቹ ሰርቨሮች ደካማ ነው ብለው ትተውታል። ብዙ ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም፣ ኦፕን ኤስኤስኤች፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስሪት 7.0 ጀምሮ አንዱን የድሮ ዘዴ በራሱ ዘግቶታል።

የሚያዋጣው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ገጹን በድሪምዊቨር ሥሩ፣ መጫኑን ለፋይልዚላ ወይም ለዊን ኤስሲፒ ስጡት። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ድሪምዊቨር ውስጥ ሪሞት ኢንፎ ላይ አክሰስ የሚለውን "ነን" (ምንም ማለት ነው) የሚለው ላይ አድርጉት፣ ፋይልዚላ ላይ ደግሞ በግራ በኩል ያንኑ የሳይት ፎልደር ክፈቱና የተቀየረውን ወደ ቀኝ ጎትቱ። ሳይት ማኔጀር ውስጥ ምስጠራውን ኤክስፕሊሲት ኤፍቲፒ ኦቨር ቲኤልኤስ የሚለው ላይ አድርጉ። አዲሱ ፋይልዚላ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ አይከፈትም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ኤክስፒ ከሆነ ፋይሉን በፍላሽ ወስዶ ከሌላ ኮምፒውተር መጫን ይሻላል።

ፋይልዚላ ሰርተፊኬቱ፣ ማለት የሰርቨሩ መታወቂያ፣ ጊዜው አልደረሰም ካላችሁ የኮምፒውተሩን ቀን ተመልከቱ። የአሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ፣ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያስገባ ሰውም ይኖራል፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው የሚኖረው፣ ለሰርቨሩ ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ ቀን ነው። በፈረንጆቹ አስተካክሉት። የድሪምዊቨር ሲንክሮናይዝም የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ የሚለየው በቀን ስለሆነ አብሮ ይስተካከላል።

የተቀመጠ ፓስወርድ የተደበቀ አይደለም

ይሄንን በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አሮጌው ድሪምዊቨር ሬጅስትሪ ውስጥና ኤስ ቲ ኢ ፋይሏ ውስጥ የሚጽፈው ፓስወርድ በእውነት የተመሰጠረ አይደለም። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ቁጥር ይለወጥና በቆመበት ተራ መጠን ከፍ ይደረጋል፣ በቃ ይኸው ነው። የሚያውቅ ሰው በወረቀት ላይ ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ ያችን ፋይል በቴሌግራም ለማንም አትላኩ፣ ኮፒ ቤት በሚዞር ፍላሽ ላይም አታስቀምጡ። ለባልደረባ መስጠት ካስፈለገ ኤክስፖርት ስታደርጉ ማካፈል የሚለውን ምረጡና ፓስወርዱን ለብቻ በቃል ንገሩት።

ይሄ የሩቅ ስጋት አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ጋምብላር የተባለው ቫይረስ ከተበከሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የኤፍቲፒ ስምና ፓስወርድ እየሰረቀ የሰዎችን ድረ ገጽ በክፉ ኮድ ሞልቶ ነበር። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ያስቀመጠ ሰው ለእንዲህ ያለው የተጋለጠ ነው። ድረ ገጻችሁ ላይ ያልጻፋችሁት ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ አጽዱ፣ ከዚያ ንጹሕ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ፓስወርዱን ቀይሩ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት አዲሱም ይሰረቃል።

ፓስወርዱን የማኅበሩ ወይም የትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለበት መሳቢያ፣ ከሆስቲንጉ ስምና ከክፍያው ቀን ጋር ጽፋችሁ ያዙ። አሮጌውን ኮምፒውተር ስትሸጡ ወይም ለሌላ ክፍል ስታስረክቡ ማኔጅ ሳይትስ ውስጥ ገብታችሁ ሳይቱን ሪሙቭ አድርጉ፣ ኤስ ቲ ኢ ፋይሏንም ፈልጋችሁ አጥፉ። በዚያው ቀን ፓስወርዱን ሰርቨሩ ላይ ቀይሩ።